ሳይጠፋ የተገኘው አዝማሪ

በዛሬው እሑድ የምናነሣው ታሪክ የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ባላገር ታሪክ ነው። ሰውየው አብዛኛውን ዕድሜውን የሰው መሬት ሲያርስና የሰው ከብት ሲጠብቅ የኖረ፣ ሲመሽ ጊታሩን እየደረደረ የሚያንጎራጉር ነበር። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጆን ስሚዝ ኸርት ነው፤ የሙዚቃ ወዳጆች የሚያውቁት ግን ሚሲሲፒ ጆን ኸርት በሚለው ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ስለዚህ ሰው የጻፉ ሁሉ ማለት ይቻላል ጠፍቶ ተገኘ ይላሉ። በ1928 ዓ.ም. ሸክላ አስቀርጾ ጠፋ፤ በ1963 ዓ.ም. ተፈልጎ ተገኘ፤ በዚያው ዓመት በኒውፖርት የበጋ የሙዚቃ በዓል ላይ ቀርቦ ሰሚውን አስደነቀ ይሉናል። እኛም መጀመሪያ የሰማነው በዚሁ መልክ ነበርና ደስ ብሎን ተቀብለነው ነበር። ኋላ ግን ነገሩን አገላብጠን ስናየው አንድ ጥያቄ ከልባችን አልወጣ አለ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከመንደሩ ያልተነቀለ ሰው፣ ጎረቤት ሁሉ ቤቱን የሚያውቀው ሰው፣ እንዴት ጠፋ ይባላል? የጠፋውስ ከማን ነው?

ጆን ኸርት የተወለደው በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ባርነት በሕግ ከቀረ ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች በአንዷ በሚሲሲፒ፣ በካሮል አውራጃ፣ ቲኦክ በምትባል ሥፍራ ነው። ያደገው ግን እዚያው አጠገብ ባለችው በአቫሎን ነው። አቫሎን የዴልታው ሜዳ አልቆ ኮረብታው የሚጀምርባት ትንሽ መንደር ነበረች። በዚያ አገር የጥቁር ገበሬ ዕጣ አብዛኛውን ጊዜ እኩል አራሽነት ነበር። መሬቱ የነጩ፣ ጉልበቱ የጥቁሩ ነው፤ ጥጡ ተለቅሞ ሒሳብ በሚተሳሰቡበት ጊዜ ግን ዕዳው የጥቁሩ ሆኖ ይገኛል። የአገራችን አንባቢ ይህን ዓይነቱን ኑሮ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለንም።

ልጁ ትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱ በአንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም አሮጌ ጊታር ገዛችለት። ቁጭ አድርጎ ያስተማረው ሰው አልነበረም። ከቤታቸው እየመጣ የሚጫወት አንድ ሰው ነበርና፣ ያ ሰው እንቅልፍ ሲጥለው ጊታሩን ቀስ ብሎ እያነሣ እንደ ለመደ ራሱ በኋላ ዘመን ተርኳል። እንዲህ ሆኖ ማንንም የማይመስል የራሱን ስልት አወጣ።

ስለዚህ ስልት ጥቂት መናገር አለብን፤ የሰውየው ምሥጢር ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና። የቀኝ እጁ አውራ ጣት በወፍራሞቹ ክሮች ላይ እየተመላለሰ እንደ መንገደኛ እግር አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት ይላል፤ አይዘገይም፣ አይቸኩልምም። ሌሎቹ ጣቶች በዚህ ጊዜ በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ዜማውን ይለቅማሉ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው ሁለት ሰዎች የሚጫወቱ ይመስለዋል። ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ብዙዎቹ የሚሲሲፒ የብሉስ ዘፋኞች ምሬታቸውን ከሆዳቸው እየገፉ በጩኸት ሲያወጡት፣ ጆን ኸርት ግን ነፍስ የጠፋበትን ታሪክ እንኳ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በለሆሳስ ይናገራል። እኛ ይህን ቅጂ መጀመሪያ ስንሰማ ድምፁን ከፍ ልናደርገው እጃችንን ዘርግተን ነበር፤ ወዲያው ግን ከዚያ ይልቅ እኛው ወሬያችንን ማቆም እንደሚሻል ገባን።

የሚዘፍነውም አንድ ዓይነት አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር አለ፣ የጭፈራ ዘፈን አለ፣ የሽፍቶችና የከዱ ፍቅረኞች ታሪክ አለ። በ1910ዎቹ አጋማሽ ጥቂት ወራት በባቡር ሐዲድ ሥራ ቆይቶ ነበርና፣ አውራጁ እያወረደ ሠራተኞቹ እየተቀበሉ ሐዲድ የሚያቃኑበትን ዜማ ከዚያ ይዞ ተመለሰ። ቅዳሜ ማታ ጥቁሮች ሲጨፍሩ ለጥቁሮች፣ ነጮች ሲጨፍሩ ለነጮች ይጫወታል። ዊሊ ናርሙር የሚባል ቫዮሊን የሚመታ ነጭ ጎረቤት ነበረው፤ የናርሙር ባልንጀራ በታጣ ጊዜ ጆን ኸርት በጊታሩ ያጅበው ነበር። በሚሲሲፒ ነጭና ጥቁር በአንድ ማዕድ በማይቀመጡበት ዘመን ይህ መሆኑ ያስገርማል፤ ሙዚቃው ሲያልቅ ግን እያንዳንዱ ወደየወገኑ ይመለስ እንደ ነበር መርሳት የለብንም።

ለሸክላ ያበቃውም ይኸው ናርሙር ነው። ናርሙር በቫዮሊን ውድድር አሸንፎ ኦኬህ ለተባለው የሸክላ ኩባንያ የመቅረጽ ዕድል ባገኘ ጊዜ፣ የኩባንያው ሰው ቶሚ ሮክዌል በአካባቢው ሌላ ጥሩ ተጫዋች ይኖር እንደ ሆነ ጠየቀው፤ እርሱም ጎረቤቱን ጠቆመ። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1928 ዓ.ም. ጆን ኸርት በሜምፊስ ከተማ ከማይክሮፎን ፊት ተቀመጠ። በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ከሁለት ሰዎች በቀር ማንም አልነበረም። ራሱን ወዲህም ወዲያም እንዳያንቀሳቅስ አዘዙት፤ በዚህ ምክንያት አንገቱን ለብዙ ቀን ሲያመው እንደ ነበር ከዓመታት በኋላ እየሣቀ ያወራው ነበር። ከዚያ ቀን ሥራ ሁለት ዘፈኖች ብቻ በአንድ ሸክላ ወጡ።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ኒውዮርክ ተጠራ፤ በ21ኛውና በ28ኛው ቀን ደግሞ ቀረጸ። ገና በዓል ሊገባ ነው፤ ባላገሩ በትልቁ ከተማ ብቻውን ነው። በዚህ መካከል ስለ መንደሩ ስለ አቫሎን አንድ ናፍቆት ያለበት ዘፈን ዘፈነ። አንባቢ ይህችን ዘፈን በአእምሮው ይያዝልን፤ እንመለስባታለን። ከ1928 ዓ.ም. የሸክላ ሥራው እስከ ዛሬ የሚሰሙት ዘፈኖች 13 ብቻ ናቸው። ሚሲሲፒ የሚለውን ቅጽል በስሙ ላይ የጨመረው ኩባንያው ነው፤ ሸክላው እንዲሸጥ በማሰብ ነው። ሸክላው ግን እምብዛም አልተሸጠም። በሚቀጥለው ዓመት በኦክቶበር የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ ከእርሱም ጋር የሸክላው ንግድ ወደቀ። ጆን ኸርት ወደ አቫሎን ተመልሶ ሞፈሩን ጨበጠ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ሠላሳ አምስት ዓመታት ጸሐፊዎች በአንድ መስመር ያልፏቸዋል፤ እኛም ብዙ ማለት አንችልም። ጥጥና በቆሎ ዘርቶ አጨደ፤ ከብት ጠበቀ፤ ጄሲ ከተባለችው ሚስቱ ጋር ቤቱን አቆመ፤ ቅዳሜ ለጭፈራ፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ተጫወተ። ከኒውዮርክ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እርሱም ሰው ሳይጠይቀው መዝፈኑን አልተወም። ከላይ ላነሣነው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ይመስለናል፤ ጆን ኸርት ከኩባንያው መዝገብ ጠፋ እንጂ ከአቫሎን ቅዳሜ አልጠፋም።

በሌላ በኩል ግን ሳያውቀው አንድ ነገር እየሆነ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ሃሪ ስሚዝ የሚባል አሮጌ ሸክላ ሰብሳቢ 84 ዘፈኖችን መርጦ ፎክዌይስ በተባለው ኩባንያ በኩል በአንድ ጥራዝ አሳተመ። ከእነዚህ ሁለቱ የጆን ኸርት ነበሩ። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ወጣቶች ይህን ጥራዝ እንደ መማሪያ መጽሐፍ እየደጋገሙ ሰሙት፤ ጣታቸው እስኪቆስል ያን አውራ ጣት ለመከተል ሞከሩ። ዘፋኞቹ ግን ሁሉም የሞቱ ይመስሏቸው ነበር። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ብዙ ጊዜ አልሆነንምና ይህ ስሕተት አይገርመንም። ተማሪ የሆነ ሰው በመጽሐፍ ያገኘውን ሁሉ የሞተ አድርጎ ይቆጥራል፤ የሚያጠናው ሰው በዚያች ሰዓት ላም እየነዳ ሊሆን እንደሚችል አያስብም።

በዋሽንግተን ከተማ የሚኖሩ ጥቂት ሸክላ ሰብሳቢዎች ግን ያችን በኒውዮርክ የተቀረጸች የናፍቆት ዘፈን ቅጂ አገኙ። ዘፋኙ መንደሩን በስሟ ስለሚጠራት ካርታ ዘረጉ፤ አቫሎን በአዲሱ ካርታ ላይ የለችም። ኋላ በ1878 ዓ.ም. በታተመ አሮጌ ካርታ ላይ በግሪንውድና በግሬናዳ ከተሞች መካከል ተገኘች። ስለዚህ በ1963 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ቶም ሆስኪንስ የተባለ ወጣት መኪናውን አስነሥቶ ወደ ሚሲሲፒ ወረደ። በመንደሩ ሱቅ ደጃፍ ያገኛቸውን ሰዎች ጆን ኸርት የሚባል ዘፋኝ ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቀ። ሰዎቹ ሳይደነቁ መንገዱን አሳዩት፤ ሦስተኛው የፖስታ ሣጥን ጋ ሲደርስ ያገኘዋል። ስንት ሊቅ የሞተ ነው ያለውን ሰው ለማግኘት የሚያስፈልገው ሦስት የፖስታ ሣጥን መቁጠር ብቻ ነበር።

እስካሁን እርሱ ስንል የቆየነውን ሰው ከዚህ በኋላ በአገራችን ደንብ እርሳቸው ማለት ይገባናል፤ ሆስኪንስ ከደጃፋቸው ሲደርስ ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ነበርና። ይህን የምንለው ለወግ ያህል ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ነጭ ሕፃን እንኳ ሽበታሙን ጥቁር በመጠሪያ ስሙ ብቻ ይጠራው ነበር፤ አቶ ማለት ለጥቁር የተከለከለ ያህል ነው። እንግዲህ አንድ የማያውቁት ነጭ ጎረምሳ ከሩቅ መጥቶ እርስዎን ፈልጌ ነው ሲላቸው ሽማግሌው የደነገጡት በከንቱ አልነበረም። የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሰው መስሏቸው ነበር ይባላል። ከአቫሎን ብዙም በማትርቀው በመኒ መንደር በ1955 ዓ.ም. ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ታፍኖ ተገድሏል። በዚያው በ1963 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ 28 ቀን ደግሞ በግሪንውድ አጠገብ ጥቁሮችን ለመራጭነት በሚያስመዘግቡ ወጣቶች መኪና ላይ ጥይት ተተኩሶ አንዱ ክፉኛ ቆስሎ ነበር። ሆስኪንስ ዘፈን ፍለጋ የገባው ወደዚህ አገር ነው።

ሽማግሌው በዚያን ጊዜ ጊታር እንኳ አልነበራቸውም። ወጣቱ ይዞት የመጣውን አቀበላቸው። እጃቸው ከልምምድ ውጭ ሆኖ ጥቂት ቢያመነታም አውራ ጣታቸው መንገዱን አልረሳም። ወደ ዋሽንግተን እንዲመጡ ተለመኑ፤ ሄዱም። በጁላይ ወር የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ዘፈኖቻቸውን ቀረጸ። ከዚያም በዚያው ወር ወደ ኒውፖርት ተጓዙ።

ኒውፖርት በሮድ አይላንድ ግዛት በባሕር ዳር ያለች፣ የሀብታሞች ግዙፍ ቤቶች የተደረደሩባት ከተማ ናት። የሕዝብ ዘፈን በዓሏ በ1959 ዓ.ም. ተጀምሮ ሁለት ዓመት ከተቋረጠ በኋላ በ1963 ዓ.ም. ትርፍ በማይፈልግ ድርጅት ስም እንደገና ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ መካከል ጆርጅ ዋይንና ፒት ሲገር ነበሩ። አንድ ደንብ አወጡ፤ ዝነኛም ይሁን ያልታወቀ ማንኛውም ተጫዋች ከመጓጓዣና ከማረፊያው በቀር እኩል 50 ዶላር ይከፈለዋል። ያን ጊዜ ዝናቸው የገነነው ጆአን ቤዝና ቦብ ዲላን ገና የ22 ዓመት ወጣቶች ነበሩ፤ የተከፈላቸውም ከአቫሎኑ ሽማግሌ ጋር አንድ ነው። ደንቡን ወደነዋል።

በዓሉ ከጁላይ 26 እስከ 28 ድረስ በፍሪቦዲ ሜዳ ተደረገ። በሦስቱ ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ ከ40 ሺህ በላይ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ያን የ1952 ዓ.ም. ጥራዝ እየሰሙ ያደጉ ናቸው። አሁን ከጥራዙ ውስጥ ሰዎቹ ራሳቸው እየወጡ መድረክ ላይ ሲቀመጡ አዩ፤ ክላረንስ አሽሊ መጣ፣ ዶክ ቦግስ መጣ፣ ጆን ኸርት መጡ። በብዙ ፎቶግራፍ ላይ የማይለያቸውን ባርኔጣ ደፍተው፣ ጊታሩን በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በአቫሎን ደጃፋቸው ላይ ለጎረቤት በሚዘፍኑበት ድምፅ ዘፈኑ። ድምፃቸውን ለብዙ ሺህ ሰው ብለው አላሳደጉም። በዚያ ቀን የተቀረጸው ቅጂ ዛሬም ይገኛል። የ1928ቱንና ይህን ጎን ለጎን አስቀምጠን ሰምተናቸዋል፤ ድምፁ ወፈር ብሏል፣ አካሄዱ ጥቂት ረጋ ብሏል፤ አውራ ጣቱ ግን ያው አውራ ጣት ነው።

በዚያው በዓል ላይ ለጥቁሮች መብት የሚታገሉት የነፃነት ዘማሪዎች ነበሩ፤ መጨረሻም ሁሉም ክንድ ለክንድ ተያይዘው የትግሉን መዝሙር ዘመሩ። ዲላን በጁን ወር በሚሲሲፒ ስለ ተገደለው ስለ ሜድጋር ኤቨርስ አዲስ ዘፈን አውጥቶ፣ ያንንም ከሦስት ሳምንት በፊት እዚያው በግሪንውድ አጠገብ ሄዶ ዘፍኖት ነበር። እንግዲህ የኒውፖርት ወጣቶች ስለ ሚሲሲፒ ሲዘፍኑ፣ ሚሲሲፒን ሰባ ዓመት የኖሩባት ሽማግሌ ግን ስለ ቡና፣ ስለ ፍቅርና ስለ አሮጌ ሽፍታ ይዘፍኑ ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ድካም ይቆጥርባቸው ይሆናል። እኛ አንቆጥርባቸውም። በዚያ በጋ በአገራቸው ምግብ ቤት አብረዋቸው ሊቀመጡ ከማይፈቀድላቸው ነጭ ወጣቶች ፊት እንደ አባት ተከብረው ተቀምጠዋል፤ ክብራቸውንም በልመናም በቁጣም አልጠየቁም። ሌላ ሰው የሆነ ነገር ይናገርልኝ ብለው የሚጠብቁ አይመስሉም ነበር።

ከኒውፖርት በኋላ ያለው በፍጥነት የሮጠ ዘመን ነው። ሚስታቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ዋሽንግተን ተቀመጡ። በየዩኒቨርሲቲውና በየሙዚቃ አዳራሹ ተጫወቱ፤ በመላው አሜሪካ በሚታየው በጆኒ ካርሰን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረቡ። የበዓሉ ድርጅት ጊታር ሊገዛላቸው በፈለገ ጊዜ የመረጡት ጊልድ የተባለውን፣ ብዙ ጌጥ የሌለበትን ነበር። በኒውዮርክ የተቋቋመ ላቪን ስፑንፉል የተባለ የወጣቶች ባንድ ስሙን የወሰደው ስለ ቡና ከዘፈኑት ዘፈናቸው ነው። አንዲት ማንኪያ ቡና እንዲህ የምታስዘፍን መሆኗ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይሆንበትም። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች ወጣቶች የእርሳቸውን መገኘት ሰምተው እንደዚሁ ፍለጋ ወጡና ሰን ሃውስንና ስኪፕ ጄምስን በሕይወት አገኟቸው።

የፈለጓቸው ወጣቶች ታላቅ ነገር አድርገዋል፤ ይህን መካድ ምስጋና ቢስነት ነው። ይሁን እንጂ ከሽማግሌው ጋር የተፈራረሙት ውል ነበር፤ ስለ ሸክላዎቹ ባለቤትነት የተነሣው ሙግት እርሳቸው ከሞቱ በኋላም ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲጓተት ቆይቷል። ዕድሜውን ሙሉ በእኩል አራሽነት አገር የኖረ፣ ትምህርት ቤትን በልጅነቱ የተወ ሰው በስተርጅና ሌላ የሒሳብ ወረቀት ሲቀርብለት ምን ያህሉን አንብቦ እንደሚፈርም አንባቢ ራሱ ይገምት። ጆን ኸርት ግን በጊዜው ስለ ማንም ክፉ ሲናገሩ የሰማ ሰው ያለ አይመስልም፤ በዙሪያቸው የነበሩ ሁሉ የሚያወሩት ስለ ጨዋነታቸውና ስለ ፈገግታቸው ነው።

ከተማው እምብዛም አልተስማማቸውም ነበርና በመጨረሻ ወደ ሚሲሲፒ፣ ወደ ግሬናዳ ተመለሱ። በ1966 ዓ.ም. ወደ ኒውዮርክ እየተመላለሱ ቫንጋርድ ለተባለው ኩባንያ ብዙ ዘፈን ቀረጹ፤ የዚህ ሥራ ከፊሉ የታተመው ከሞታቸው በኋላ ነው። በኖቬምበር 2 ቀን 1966 ዓ.ም. በግሬናዳ በልብ ድካም ዐረፉ። ከኒውፖርት እስከዚያ ቀን ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ነው። እኛ የሚቆጨን ይህ ሦስት ዓመት ማጠሩ ብቻ አይደለም፤ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዓመታት፣ ጉልበታቸው ሳይደክም፣ አንድ ሰው እንኳ ሦስተኛውን የፖስታ ሣጥን ቆጥሮ ቢሆን ኖሮ ስንት ዘፈን በተቀረጸ ነበር ብለን ነው።

ቀብራቸው ከአቫሎን በላይ በዛፍ መካከል ባለ ኮረብታ ላይ፣ በቅዱስ ያዕቆብ መካነ መቃብር ነው። ይኖሩባት የነበረችው ትንሽ የእንጨት ቤት ሙዚየም ሆና በቤተሰባቸው ጥበቃ ብዙ እንግዳ ስታስተናግድ ኖራ በፌብሩዋሪ ወር 2024 ዓ.ም. በእሳት ተቃጠለች። መቃብሩን ለማየት የሚመጡ ሰዎች ግን አልቀሩም፤ ከድንጋዩ ላይ ሳንቲም አኑረው ይሄዳሉ። ካርታ ጠፍቶባት በነበረችው መንደር መንገድ ዳርም ዛሬ ስማቸው የተጻፈበት የብረት ምልክት ቆሟል።